በሮኬት ገበያ ከኪራዩ ይልቅ ቀኑ ያከስራል

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚጠብቅ አስመጪ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። መርከቡ ይገባል የተባለበት ቀንና መርከቡ የሚገባበት ቀን ለየቅል ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስመጪው ራሱ ነው። የባንኩ ወለድ አያቋርጥም፣ ለደንበኛ የተገባው ቃል ይታጠፋል፣ ገበያውም ቀድሞ ለገባ ሌላ ነጋዴ ያልፋል።

ሳተላይት ወደ ጠፈር የሚያስጭኑ ኩባንያዎችም የሚኖሩት በዚሁ ሥጋት ውስጥ ነው። በየጊዜው የሚወጣው የሮኬት ማምጠቂያ መርሐ ግብር ለተመልካቹ የሳይንስ ዜና ይመስላል። ለገንዘብ ሰው ግን የጭነት መርሐ ግብር ነው። ላኪ አለው፣ አጓጓዥ አለው፣ ደላላ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፤ ከሁሉም በላይ የሚንሸራተት ቀን አለው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን መርሐ ግብር በነጋዴ ዓይን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ቀን የቀረው ጭነት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ የታወቀ ኪሣራ እንጀምር። ሐሙስ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ጠዋት ፍሎሪዳ ውስጥ ኬፕ ካናቬራል በሚገኘው ማምጠቂያ የስፔስኤክስ ኩባንያ ፋልከን 9 ሮኬት ነዳጅ ይሞላ ነበር። ሊመጥቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የዕለቱ ሥራ ሞተሮቹን ለጥቂት ሰኮንዶች አስነስቶ መፈተሽ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ግን ሳተላይቱ አስቀድሞ ሮኬቱ ጫፍ ላይ ተጭኗል። ነዳጁ በመሞላት ላይ እንዳለ በላይኛው ክፍል የኦክስጅን ታንክ ውስጥ የነበረ የሂሊየም ጋዝ ማጠራቀሚያ ፈነዳ። ሮኬቱም ሳተላይቱም እዚያው ነደዱ።

ሳተላይቱ አሞስ 6 ይባላል። ባለቤቱ ስፔስኮም የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሲሆን ዋጋው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ፌስቡክና የአውሮፓው ዩቴልሳት ለአፍሪካ ኢንተርኔት ለማሠራጨት ከሳተላይቱ አቅም ከፊሉን ለመከራየት ተዋውለዋል። ሺንዌይ የተባለ የቻይና ኩባንያ ደግሞ ስፔስኮምን በ285 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ፣ ግዢው የሚጸናው አሞስ 6 በሰላም መጥቆ ሥራ ሲጀምር ነው የሚል ሁኔታ በውሉ ውስጥ አስገብቷል። አንድ ሳተላይት ሲቃጠል አብረውት የተቃጠሉትን ውሎች አንባቢ ይቁጠር። የስፔስኮም አክሲዮን በቴል አቪቭ ገበያ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዋጋውን ሢሶ ያህል አጣ።

ከዚህ ቀጥሎ የኢንሹራንሱ ጥያቄ መጣ። የማምጠቅ ኢንሹራንስ በተለመደው አሠራር ሥራ የሚጀምረው ሮኬቱ ለመነሣት ሞተሩን ሲለኩስ ነው። ይህኛው ሮኬት ግን ለመነሣት አልተለኮሰም። ስለዚህ አደጋው የወደቀው ሳተላይቱ ከፋብሪካ ወጥቶ እስኪመጥቅ ድረስ በሚሸፍነው፣ በመርከብ ለሚጫን ዕቃ ከሚገባው ኢንሹራንስ ጋር በሚመሳሰለው ፖሊሲ ላይ ነበር። በመጨረሻ ስፔስኮም ከሳተላይቱ ሠሪ ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አገኘ። ስፔስኤክስም ወይ 50 ሚሊዮን ዶላር ወይ አንድ ነፃ ጉዞ ምረጥ አለው።

እንግዲህ ገንዘቡ ተመልሷል። ያልተመለሰው ጊዜው ነው። ስፔስኮም ደንበኞቹን ላለማጣት ኤሺያሳት 8 የተባለውን የሌላ ኩባንያ ሳተላይት ለአራት ዓመት በ88 ሚሊዮን ዶላር ተከራየ። የነፃ ጉዞውን ዕድል የተጠቀመበት አፍሪካን እንዲያገለግል ለተሠራው አሞስ 17 ሲሆን፣ ይህም የመጠቀው በኦገስት 2019 ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። የሺንዌይ ግዢም በዚያው ቀረ።

«ከዚህ ቀን በፊት አይሆንም»

በማምጠቂያ መርሐ ግብሮች ላይ ከቀኑ ፊት ብዙ ጊዜ አንድ ሐረግ ይቀመጣል። ትርጉሙ «ከዚህ ቀን በፊት አይሆንም» ማለት ነው። ነጋዴ ሊያጤነው የሚገባው ይህን ነው። በመርሐ ግብሩ የሚጻፈው ቀን ሮኬቱ ሊነሣ የሚችልበት የመጀመሪያው ቀን እንጂ የሚነሣበት ቀን አይደለም። ሊዘገይ ይችላል፤ ሊቀድም የሚችልበት አጋጣሚ ግን እጅግ ጠባብ ነው።

የቀኑ አጻጻፍ ራሱ መረጃ ይሰጣል። ዓመቱ ብቻ ከተጻፈ ሳተላይቱ ወይም ሮኬቱ ገና በፋብሪካ ነው ብሎ መውሰድ ይሻላል። ሩብ ዓመቱ ወይም ወሩ ከተጻፈ ተራ ተይዟል። ቀኑ ከነሰዓቱና ከነደቂቃው ሲጻፍ ጭነቱ ማምጠቂያው ጣቢያ ደርሷል ማለት ነው። ያም ሆኖ ነፋስ፣ ደመና፣ አንዲት የምታፈስ ቧንቧ ወይም በባሕሩ ክልል የገባች ጀልባ ቀኑን ልትገፋው ትችላለች።

መዘግየት የሚመጣው ከራስ ጭነት ብቻም አይደለም። ከፊት ያለው መኪና ሲሰበር ከኋላ ያለው ሰልፍ እንደሚቆም ሁሉ፣ አንድ ሮኬት ሲወድቅ የዚያ ዓይነት ሮኬት በሙሉ ምክንያቱ እስኪታወቅ ከበረራ ይታገዳል። አሞስ 6 ከተቃጠለ በኋላ ፋልከን 9 እንደገና የተነሣው በጃንዋሪ 14 ቀን 2017 ነው። በዚያ አራት ወር ተኩል ውስጥ ምንም ያላጠፉ ሌሎች ደንበኞች ወለዳቸውን እየከፈሉ ጠብቀዋል።

ገና ያልበረረ አዲስ ሮኬት ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ በወር ሳይሆን በዓመት ይቆጠራል። የአውሮፓው አርያን 6 ለ2020 ታቅዶ የበረረው በጁላይ 9 ቀን 2024 ነው። የአሜሪካው ቩልካን ለ2019 ተብሎ በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ተነሣ። የብሉ ኦሪጅን ኩባንያ ኒው ግሌን ለ2020 ተብሎ በጃንዋሪ 16 ቀን 2025 መጠቀ። መንግሥትም ከዚህ አያመልጥም። ናሳ ሰዎችን በጨረቃ ዙሪያ የሚያዞረውን የአርቴሚስ 2 ጉዞ ለኖቬምበር 2024 ይዞት ነበር። በጃንዋሪ 2024 ወደ ሴፕቴምበር 2025 ገፋው፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ወደ ኤፕሪል 2026 ገፋው።

የጭነት ኪራዩ ስንት ነው?

ስፔስኤክስ በ2022 ለአንድ የፋልከን 9 ጉዞ ያስታወቀው ዋጋ 67 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሮኬቱ የታችኛውን ክፍል መልሶ እያሳረፈ ለቴሌቪዥን ሳተላይቶች ወደሚያገለግለው ከፍተኛ ምህዋር መሸጋገሪያ 5.5 ቶን ያህል ይጭናል። በኪሎ ሲመታ ወደ 12,000 ዶላር ይሆናል። ወደ ዝቅተኛው ምህዋር የሚጭነው ክብደት ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የኪሎ ኪራዩ በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ «በኪሎ ስንት?» የሚል ጥያቄ «እስከ የት?» የሚል ካልተከተለው መልስ የለውም። ከአዲስ አበባ አዳማና ከአዲስ አበባ ጎንደር በአንድ ታሪፍ አይጫንም።

የተለጠፈ ዋጋና የሚከፈል ዋጋም ይለያያሉ። የፋልከን ሄቪ ሮኬት በ2022 የተለጠፈው ዋጋ 97 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ናሳ በዚሁ ሮኬት ለሚጫነው የሮማን ቴሌስኮፕ በዚያው ዓመት የተዋዋለው ግን በ255 ሚሊዮን ዶላር ነው። ልዩነቱ የመጣው ደንበኛው ከሚጠይቀው ተጨማሪ ፍተሻ፣ ንጽሕና፣ ልዩ አያያዝና ሌሎች ከጉዞው ጋር የተያያዙ ወጪዎች ነው። ተሰባሪ ዕቃ የሚያስጭን ሰው ከተራ ዕቃ ባለቤት የበለጠ እንደሚከፍል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ኩባንያ 200 ሚሊዮን ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ተበድሮ ሳተላይት አሠራ እንበል። ወለዱ በዓመት 16 ሚሊዮን፣ በወር 1.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ጉዞው ስድስት ወር ቢዘገይ 8 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ይከፍላል። ይህ ከፋልከን 9 ኪራይ 12 በመቶ ያህል ነው። በእነዚያ ስድስት ወራት ሳተላይቱ ሊያስገባ ይችል የነበረው ኪራይ ገና አልተደመረም። እንግዲህ በ8 ሚሊዮን ዶላር የረከሰ ነገር ግን ስድስት ወር የሚዘገይ ሮኬት መምረጥ ቁጠባ አይደለም። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የአማራጭ ዕድል ዋጋ የሚባለው ይኸው ነው፤ በደረሰኝ አይታይም፣ ከኪስ ግን ይወጣል።

ሌላም የጊዜ ቅጣት አለ። ሳተላይት የሚያስተላልፍበት የሬዲዮ ሞገድ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይመዘገባል። ያስመዘገበው አገር በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይወድቃል። በሊዝ መሬት ወስዶ በጊዜው ግንባታ ያልጀመረ ባለሀብት ምን እንደሚደርስበት ለሚያውቅ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አውቶቡስና ኮንትራት ታክሲ

ትናንሽ ሳተላይቶች ያላቸው ደንበኞች ሁለት ምርጫ አላቸው። አንደኛው በጋራ የሚጫን ሮኬት ነው። ስፔስኤክስ በጃንዋሪ 2021 በአንድ ጉዞ 143 ሳተላይቶችን ጭኖ ይህን ገበያ በሰፊው ከፈተ። በ2024 የነበረው ዋጋ እስከ 50 ኪሎ 300,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 6,000 ዶላር ነበር። ጉዳቱ ግልጽ ነው። አውቶቡሱ በራሱ መስመር ይሄዳል፣ የዘገየ ተሳፋሪ አይጠብቅም፣ ከመናኸሪያው ወደ ቤት ለመድረስ ደግሞ ሌላ መጓጓዣ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኮንትራት ታክሲ ነው። የሮኬት ላብ ኩባንያ ኤሌክትሮን የተባለ ትንሽ ሮኬት እስከ 300 ኪሎ ይጭናል፤ ዋጋውም 7.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። በኪሎ 25,000 ዶላር መሆኑ ነው፤ ከአውቶቡሱ አራት እጥፍ። ደንበኛ ግን አልጠፋም። ምክንያቱም ታክሲው ደንበኛው በመረጠው ሰዓት ደንበኛው ወደ መረጠው ምህዋር ይወስዳል። ሰዎች ለቀን ምን ያህል እንደሚከፍሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የመኪናው ብዛት ገበያውን አያሳይም

በ2024 በዓለም ዙሪያ ከ250 በላይ ሮኬቶች ወደ ምህዋር ተተኩሰዋል። ቁጥሩን ያየ ሰው አቅርቦቱ ሞልቷል ሊል ይችላል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የስፔስኤክስ ሲሆን፣ የስፔስኤክስም አብዛኛው ጉዞ የራሱን የስታርሊንክ ሳተላይቶች የጫነበት ነው። የቻይናዎቹም በብዛት የመንግሥት ጭነት ናቸው። በመንገዱ ላይ ብዙ መኪና ይታያል፤ አብዛኛው ግን የባለመኪናውን ዕቃ የጫነ ነው። ለኪራይ የሚቆመው ጥቂት ነው።

ይህ እጥረት በ2022 ፍንትው ብሎ ታየ። የዩክሬን ጦርነት እንደተጀመረ ሩሲያ የሶዩዝ ባለሙያዎቿን ከአውሮፓውያን ማምጠቂያ ከኩሩ አስወጣች። የብሪታንያው ዋንዌብ ደግሞ 36 ሳተላይቶቹን ካዛኪስታን ውስጥ በሚገኘው ባይኮኑር ማምጠቂያ አድርሶ ነበር። ጉዞው ሲሰረዝ ሳተላይቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ኩባንያውም ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ 229 ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ በመዝገቡ አሠፈረ። ቀሪዎቹን ለማስጫን የሄደው ወደ ሕንድ መንግሥት ኩባንያና ወደ ስፔስኤክስ ነው። የስታርሊንክ ባለቤት የዋንዌብ ተፎካካሪ መሆኑን ልብ ይሏል። መኪና ሲጠፋ ከተፎካካሪም ይከራዩታል።

አማዞን በሌላ በኩል ኤፕሪል 2022 ላይ ለኢንተርኔት ሳተላይቶቹ እስከ 83 የሚደርሱ ጉዞዎችን በአርያን 6፣ በቩልካንና በኒው ግሌን ገዛ። ውሉ ሲፈረም ከሦስቱ ሮኬቶች አንዱም በርሮ አያውቅም ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2020 የሰጠው ፈቃድ ደግሞ ከ3,236 ሳተላይቶች ግማሹ እስከ ጁላይ 2026 ምህዋር ላይ እንዲገኝ ያስገድድ ነበር። ሮኬቶቹ ሲዘገዩ አማዞን በዲሴምበር 2023 ከስፔስኤክስ ሦስት ጉዞ ለመግዛት ተገደደ። የመጀመሪያዎቹ 27 የአገልግሎት ሳተላይቶቹ የመጠቁት በኤፕሪል 28 ቀን 2025 ሲሆን፣ የጫናቸውም ነባሩ አትላስ 5 ነበር። ከዚህ የምንረዳው ውል መፈረም ቀን መያዝ ማለት እንዳልሆነ ነው።

አረቦኑስ?

የጠፈር ኢንሹራንስ ገበያ ጠባብ ነው። ደንበኛው ጥቂት፣ የአንዱ ውል መጠን ግን ግዙፍ ነው። ስለዚህ ሁለት አደጋ በአንድ ዓመት ቢደርስ የሁሉም አረቦን ይነካል። በ2023 የሆነው ይህ ነው። ቪያሳት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያመጠቀው ቪያሳት 3 ምህዋሩ ላይ ደርሶ ትልቁ አንቴናው በትክክል ሳይዘረጋ ቀረ። በዚያው ዓመት የኢንማርሳት 6 ኤፍ 2 ሳተላይት የኃይል ችግር ገጠመው። ኩባንያው ለመጀመሪያው 421 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 348 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀ። በሁለቱም ጉዳይ ሮኬቶቹ ሥራቸውን በትክክል ፈጽመዋል።

ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሮኬቱ በሰላም መነሣቱ የአደጋው መጨረሻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንስ የሚተካው የሳተላይቱን ዋጋ ነው። ተተኪው እስኪሠራና ተራ እስኪያገኝ የሚያልፉትን ዓመታት ግን ከነጠፋው ደንበኛ የሚመልስ ፖሊሲ በቀላሉ አይገኝም።

ሰማይ የሚቆርጠው ቀጠሮ

እስካሁን ያየነው ሰዎች የሚያንሸራትቱትን ቀን ነው። ወደ ሌሎች ፕላኔቶች የሚሄዱ መንኮራኩሮች ግን ቀናቸውን የሚቆርጥላቸው ተፈጥሮ ነው። መሬትና ማርስ ለጉዞ በሚመች አቅጣጫ የሚገናኙት በ26 ወር አንድ ጊዜ ነው። ወቅቱ ካመለጠ ልክ መኸር እንዳለፈበት ገበሬ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው።

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለችው የአውሮፓውያን የማርስ መንኮራኩር ታሪክ ይህን ያሳያል። ለ2018 ታቅዳ ወደ 2020፣ ከዚያም ወደ 2022 ተዛወረች። በ2022 ከሩሲያ ጋር የነበረው ትብብር ሲቋረጥ አዲሱ ዕቅድ ለ2028 ሆነ። አሥር ዓመት ሙሉ ባለሙያ ሲከፈለው፣ ዕቃ ሲጠበቅና ሲፈተሽ ይቆያል ማለት ነው።

በጥንቃቄ የያዘውም አለ። ናሳ ወደ ጁፒተር ጨረቃ የላከው ዩሮፓ ክሊፐር በኦክቶበር 10 ቀን 2024 ሊመጥቅ ተይዞ ሳለ ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን መታ። መንኮራኩሩ ግን በመጋዘን ቆይቶ በኦክቶበር 14 መጠቀ። ኪሣራ ያልደረሰው ዕቅዱ ሲነደፍ የመነሻ ጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል ስፋት ስለተተወለት ነው። ዩሮፓ ክሊፐር ጁፒተር የሚደርሰው በኤፕሪል 2030 ነው።

ከፊታችን ያሉትንም በዚሁ ሚዛን ማየት ይቻላል። ናሳ ወደ ሳተርን ጨረቃ ወደ ታይታን የሚልከው ድራጎንፍላይ ለጁላይ 2028 የታቀደ ሲሆን የፋልከን ሄቪ ውሉ 256.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሚደርሰው በ2034 ነው። ቻይና ደግሞ ከ2030 በፊት ሰው ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ማቀዷን አስታውቃለች። እነዚህን ቀናት ያየ ነጋዴ የሚጠይቀው «ይሳካል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። «ቢዘገይ ቀጣዩ ዕድል መቼ ነው? እስከዚያ ወጪውን የሚሸከመውስ ማን ነው?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ከእኛ ገበያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በ2019 የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ጣቢያዎቻችን ኤንኤስኤስ 12 ወደተባለው ሳተላይት ሲዛወሩ፣ በየሰፈሩ ዲሽ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ሥራ በዝቶባቸው እንደነበር ይታወሳል። ያ ሳተላይት በአርያን 5 የመጠቀው በኦክቶበር 2009 ሲሆን፣ ቶር 6 ከተባለ የኖርዌይ ሳተላይት ጋር አንድ ሮኬት ተጋርቷል። ሲነደፍ የተሰጠው ዕድሜ 15 ዓመት ነው። ሳተላይቶች ከተሰጣቸው ዕድሜ በላይ መሥራታቸው የተለመደ ነው። ቢሆንም በሰማይ ላይ ያለ ቤት የተከራየ ሰው ቤቱ ሲያረጅ ተተኪው መቼ እንደሚወጣ መጠየቅ ይኖርበታል። ኪራዩ በዶላር የሚከፈል መሆኑ ጥያቄውን ያከብደዋል።

የራሳችን ሳተላይቶችም በዚሁ የጭነት ገበያ አልፈዋል። የመጀመሪያዋ ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመሬት ምልከታ ሳተላይት 72 ኪሎ ትመዝናለች። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪዋ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። መጀመሪያ ለሴፕቴምበር 2019 ታስባ የመጠቀችው በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከታይዩዋን ማምጠቂያ ነው። በጉዞው ዋናው ጭነት የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ስለነበር የእኛዋ ተደርባ ነው የተጫነችው። ሁለተኛዋም በዲሴምበር 22 ቀን 2020 ሎንግ ማርች 8 በተባለው ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ከሌሎች ጋር ወጣች። ለንጽጽር ያህል፣ 72 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት በ2024 በነበረው የጋራ ጉዞ ዋጋ ብትጫን ኪራይዋ 432,000 ዶላር ይሆናል። ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ኪራዩ ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር ተደርቦ የተጫነ ዕቃ ቀኑን የማይመርጥ መሆኑ ነው።

አክሲዮን ለሚያስቡ

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ውስጥ የሮኬት ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዙ አሉ፤ ለአገር ቤት ዘመዶቻቸውም ምክር ሲያቀብሉ ይሰማል። እዚህ ላይ ሁለት ታሪኮችን ማስታወስ ይጠቅማል። ቨርጂን ኦርቢት በ2021 መጨረሻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ወደ አክሲዮን ገበያ ገባ። በጃንዋሪ 9 ቀን 2023 ከእንግሊዝ ኮርንዎል የተነሣው ጉዞው ከነዳጅ መስመር ላይ በወለቀች አንዲት ማጣሪያ ሰበብ ከሸፈ። በኤፕሪል 2023 ኩባንያው የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ንብረቱ የተሸጠው ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ነው። አስትራ የተባለውም በ2021 በቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ገብቶ በ2024 በ50 ሳንቲም ዶላር በአክሲዮን ተጠቃሎ ከገበያ ወጣ።

ሁለቱም ሮኬታቸው ምህዋር ደርሶ ያውቃል። ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጊዜና ጥሬ ገንዘብ መመጣጠን እንዳለባቸው ነው። ቀጣዩ የተሳካ ጉዞ ከመድረሱ በፊት ካዝናው ካለቀ ጥሩ ሮኬት ብቻውን አያድንም። በአንጻሩ ሮኬት ላብ ኒውትሮን የተባለውን አዲስ ሮኬቱን ከ2024 ወደ 2025፣ ቀጥሎም ወደ 2026 ገፍቷል። እስከዚያ ግን በኤሌክትሮን ጉዞና በሳተላይት ሥራ ገቢ እያገኘ ነው የቆየው።

በዚህ መስክ ገንዘቡን ለሚያውል፣ ኪራይ ለሚዋዋል ወይም መርሐ ግብሩን ለመረዳት ብቻ ለሚያነብ ሰው አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሮኬቱ ከዚህ በፊት በርሯል ወይስ በሥዕል ነው ያለው? ጭነቱ ዋና ነው ወይስ ተደራቢ? የተጻፈው ቀን ዓመት ነው፣ ወር ነው ወይስ ሰዓት? ቢዘገይ ወለዱንና የሚጠፋውን ኪራይ በውሉ መሠረት የሚሸከመው ማን ነው? ሮኬቱ ቢታገድ በሌላ ሮኬት ለመጫን የሚያስችል አንቀጽ በውሉ አለ?

አምስቱንም ሳይመልሱ የኪሎውን ዋጋ ብቻ መከራከር የመርከቡን መግቢያ ቀን ሳይጠይቁ የኮንቴይነሩን ኪራይ እንደመከራከር ነው። ስፔስኮም የሳተላይቱን ዋጋ ተቀብሎ፣ ነፃ ጉዞ ተሰጥቶት፣ የባከነውን ጊዜ ለመሸፈን 88 ሚሊዮን ዶላር ለኪራይ ከፍሏል።